አምስቱ ቀይ መስመሮች

ሰሚር ሁመድ በ2006 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ ማክሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወድቆ ሞተ። ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ ነበር። አስከሬኑ ከግቢው ሲሚንቶ ላይ ሳይነሳ ሰፈሩ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። «ራሱን ነው የጣለው!» ማን አየ? ማንም። ወሬ ደግሞ መቼ ምስክር ጠብቆ ያውቃል!

ኢንስፔክተር ፀሐይቱ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደረሰች። አርባ አምስት ዓመት የሞላት፣ ቀጠን ያለች፣ አንድ ቦታ መቆም የማይሆንላት ሴት ናት። አስከሬኑን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ከዚያ ተንበርክካ የጨበጠውን ቀኝ እጁን ቀስ አድርጋ ከፈተችው። በጣቶቹ መካከል የተቀደደ የወረቀት ጥግ አገኘች፤ የስቴፕለሩ ሽቦ እንኳ አልለቀቀውም። ግቢውን፣ ቦዩን፣ የታችኛውን ቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ አስፈለገች። የቀረው ወረቀት የለም።

የሟች እናት ወይዘሮ ሙፊዳ ከጠመንጃ ያዥ በእግራቸው እየሮጡ መጡ። ጫማቸው የት እንደቀረ አያውቁም። አስከሬኑ ከተወሰደ በኋላ የኢንስፔክተሯን እጅጌ ጨምድደው ያዙ።

«ልጄ፣ ሰው የሚለውን ሰምቻለሁ። ዛሬ ሱብሒ ሰግዶ፣ ግንባሬን ስሞኝ ነው ከቤት የወጣው። ሞቱን አላህ አምጥቶታል፣ እቀበላለሁ። ራሱን ገደለ የሚለውን ግን አልቀበልም! ነገ ስቀብረው ለቅሶ የመጣው ሁሉ ከኋላዬ ሲንሾካሾክ እንዴት ብዬ እችለዋለሁ?»

«እትዬ ሙፊዳ፣ እስከ ማታ ይታገሡኝ» አለች ፀሐይቱ። ይህን ስትል አለቃዋ በስልክ «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጨርሺው፤ ራሱን ከጣለ ምን ያንዛዛሻል» ብሏት ነበር። ሰዓቷን አየችና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች።

የሰሚር መሥሪያ ቤት በአራተኛ ፎቅ፣ ወደ ግቢው በተከፈተው ኮሪደር ጫፍ ላይ ያለ፣ ከመኖሪያነት ወደ ቢሮነት የተቀየረ ቤት ነው። ለክሊኒኮች የሕፃናት ሕክምና መመዝገቢያ ፕሮግራም ይሠራሉ፤ ርክክቡም የዚያኑ ዕለት ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። የሠራተኞቹ ቁጥር ከሰሚር ጋር አራት ነው። ደረጃው አፍ ላይ ልብስ ስታጥብ ያረፈደች ጎረቤት ከአራት ሰዓት ወዲህ የወጣም የገባም ሰው እንደሌለ ምላ ተናገረች፤ የፎቁ ሌሎች ቤቶችም ተቆልፈው ነበር። ስለዚህ የቀሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው።

መጀመሪያ ባለቤቱን አቶ ደገፋን አነጋገረች። ሃምሳውን ያለፈ፣ ላቡ ከግንባሩ የማይደርቅ ሰው ነው።

«ትናንት ሲጮኹበት ነበር አሉ።»

«ጮኼበታለሁ፣ ምን እዋሻለሁ! ርክክቡ ነገ ሆኖ ሳለ ‹አሥራ ሰባት ስህተት አግኝቻለሁ› ይለኛል። በጳጉሜ የተወለደ ሕፃን እንኳ አይመዘግብም ይላል። ፎርሙ የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው አሉ። እሺ፣ እሷን አስተካክል፣ ሌላውን በኋላ እናየዋለን አልኩት። ‹አይሆንም፣ ስህተቱ በሙሉ ተሰብስቦ መታየት አለበት› አለ። ግትር ነበር እኮ! ጎበዝ ግትር።» ፊቱን በመሐረብ ሸፈነ።

«አራት ተኩል ላይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ክፍሌ ውስጥ፣ ከደንበኛ ጋር በስልክ።»

የደንበኛውን ቁጥር ጻፈችና አመስግናው ወጣች።

ገረሱ ዋናው ፕሮግራመር ነው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ። ለወይዘሮ ሙፊዳ ውኃ ያመጣላቸው፣ ወንበር የሰጣቸው እሱ ነበር።

«ሲወድቅ የት ነበርክ?»

«ጠረጴዛዬ ላይ። ከአራት ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ጩኸት እስክሰማ ድረስ ፎርሙን ስሞክር ነበር።»

«እንዴት ነው የሚሞከረው? እኔ የኮምፒውተር ነገር አይገባኝም።»

«ባዶውን ፎርም እልካለሁ። ‹የአባት ስም ያስገቡ› ይለኛል። እሱን ሞልቼ ስልከው ‹የልደት ቀን ያስገቡ› ይለኛል። ቀኑን ሞልቼ ስልከው ‹ስልክ ቁጥር ያስገቡ› ይለኛል። እንዲህ እያለ ይሄዳል። ዛሬም ያው ነው ያየሁት።»

«በራስህ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ነው ወይስ ሁላችሁ የምትጠቀሙበትን?»

«የጋራውን ነው። ለርክክብ የተዘጋጀው አንድ እሱ ብቻ ነው።»

«ሰሚርን አላየኸውም?»

«በውጪው ክፍል ብቻዬን ነበርኩ። በጀርባዬ ወደ ኮሪደሩ አልፎ ይሆናል። ሰሞኑን ግን ከፍቶት ነበር፣ ያሳዝናል።»

ሦስተኛዋ ለሊሴ ናት። የፕሮግራሙን ጉድለት የምትፈትሽ፣ የሃያ አራት ዓመት ልጅ። በውስጠኛው ክፍል ነበርኩ አለች። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ዛሬ ጠዋት ከእሱ ጋር ተነጋግራችኋል?»

«አዎ። አራት ሰዓት ከአምስት ላይ አዲሱን ኮድ የጋራው ሰርቨር ላይ ጫነና ‹ለሊሴ፣ ባዶውን ላኪና እይልኝ› አለኝ። ስልከው አምስት ቀይ መስመር ባንድ ጊዜ ግጥም አለብኝ! ‹ምነው እንዲህ ታስደነግጠኛለህ› አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ዝርዝሩን አትሞ ይዞ ወጣ። ሌላ አላየሁትም።»

ፀሐይቱ በክፍሉ ውስጥ ስትንጎራደድ ቆየችና ድንገት ቆመች። «ባንድ ጊዜ ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ ባንድ ጊዜ። ቀበሌ ሄደው ያውቃሉ አይደል? ‹ፎቶ የለህም› ብለው ይመልሱዎታል። ፎቶ ይዘው ሲሄዱ ‹ማህተም የለውም› ይላሉ። ማህተሙን ሲያመጡ ‹ምስክር የት አለ› ይላሉ። የድሮው ፎርማችን እንደዚያ ነበር፤ የመጀመሪያውን ስህተት ሲያገኝ ያቆማል። ሰሚር ግን ሁለት ክላስ፣ ማለትም ሁለት የኮድ ክፍል፣ ጻፈ። አንዱን ‹ዘበኛ› አለው፤ የገባውን ሁሉ ይፈትሻል። ሌላውን ‹መዝገብ› አለው፤ ዘበኛው ያገኘውን ስህተት አንድም ሳያስቀር ይሰበስባል። ስለዚህ የጎደለዎትን ሁሉ ባንዴ ነው የሚነግርዎት።»

«የድሮውን ማን ነበር የጻፈው?»

«ገረሱ።»

«አምስቱ መስመሮች ምን ምን ይላሉ?»

«የአባት ስም፣ የልደት ቀን፣ ክብደት፣ ስልክ፣ አድራሻ።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «የክብደት ፍተሻ ሰሞኑን አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ነበረ፤ በኋላ ጠፋ። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ለሙከራ በሰጠነው ክሊኒክ፣ አሥራ ሁለት ኪሎ የምትመዝን ሕፃን መቶ ሃያ ኪሎ ተብላ ተመዘገበች። ፕሮግራሙ በዚያው ልክ የመድኃኒት መጠን አወጣላት። ልጅቷ በስንት መከራ ተረፈች። ነርሷ ግን ከሥራ ታገደች።»

«ነይ እስቲ፣ የሰሚርን ኮምፒውተር አሳዪኝ። ቶሎ በይ።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም በውጪው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አቶ ደገፋ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፣ ለሊሴ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ገረሱ እጁን አጣምሮ ወንበሩ አጠገብ ቆመ። ወይዘሮ ሙፊዳ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ፀሐይቱ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰች ጀመረች።

«ሰሚር ሲወድቅ በስቴፕለር የተያያዘ ወረቀት ይዞ ነበር። እጁ ላይ የቀረው ጥጉ ብቻ ነው፤ ግቢው ውስጥም ሌላ የለም። ወረቀት ራሱን አይቀድም። አንድ ሰው ከእሱ ጋር ቆሞ ነጥቆታል ማለት ነው። ያ ሰው ከሦስታችሁ አንዱ ነው።»

«እኔ እኮ...» አለ አቶ ደገፋ።

«እርስዎን ደንበኛው ነጻ አውጥቶዎታል። ጩኸቱ ሲሰማ ‹ቆይ ቆይ፣ ምን ተፈጠረ!› ብለው ነው የዘጉበት። ቀጥሎ ለሊሴና ገረሱ ናቸው። ሁለቱም ዛሬ ረፋድ ያንኑ የጋራ ፎርም ባዶውን ላክን ይላሉ። ለሊሴ አምስት ቀይ መስመር ባንድ ጊዜ አየሁ ትላለች። ገረሱ አንድ በአንድ ነው የመጣልኝ ይላል። ሰሚር አዲሱን ኮድ የጫነው አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው፤ ሰዓቱ ሰርቨሩ ላይ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ያን ፎርም የነካ ሰው ስህተቶቹን አንድ በአንድ ሊያይ አይችልም። ‹ክብደት› የሚለውንም ማየቱ አይቀርም፤ ገረሱ እሱን አልጠራውም።»

ገረሱ ከንፈሩን አራሰ። «ግራ ገብቶኝ ይሆናል። ደንግጬ ነበር።»

«ግራ አልገባህም። የራስህን ሥራ በቃልህ ነው የወረድከው። ፎርሙን አንተ ስለጻፍከው ምን እንደሚል ለማወቅ ማየት አላስፈለገህም። ሰሚር ቀይሮታል ብለህ አልጠረጠርክም። ታዲያ ከአራት ሩብ እስከ አራት ተኩል ጠረጴዛህ ላይ ካልነበርክ የት ነበርክ?»

ገረሱ ወደ በሩ ተመለከተ።

«እሺ፣ ወረቀቱ ላይ ምን ነበር? ከሰሚር ኮምፒውተር እንደገና አተምኩት። አሥራ ሰባት ስህተት ነው። አሥራ ስድስቱ የሥራ ጉድለት ናቸው። አሥራ ሰባተኛው የክብደት ፍተሻው መጥፋቱ ነው፤ ማን ከኮዱ እንዳነሳው፣ በየትኛው ቀን እንዳነሳው ኮዱ ላይ ሰፍሯል። ያንተ ስም ነው፣ ገረሱ።»

አቶ ደገፋ «አንተ!» ብሎ ጮኸ። «‹የነርሷ ስህተት ነው› ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

ገረሱ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ለእንግዶች ስናሳይ ማስጠንቀቂያው እየደጋገመ አሳፈረኝ። ለአንድ ቀን ብዬ ነው ያነሳሁት። መመለሱን ረሳሁ። ረሳሁ በቃ! ከዚያ ልጅቷ ታመመች፤ በምን አፌ እናገራለሁ?»

ወይዘሮ ሙፊዳ ተነስተው ፊቱ ቆሙ። አልጮኹም።

«ልጄ መጨረሻ ላይ ምን አለህ?»

ገረሱ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። «ኮሪደሩ ላይ ጠራኝ። ወረቀቱን እያሳየኝ ‹ስምህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለጋሼ ደገፋም ቢሆን። ስምንት ሰዓት ላይ አንተው ራስህ ንገራቸው፤ ነርሷ ወደ ሥራዋ ትመለስ፤ እኔ አብሬህ እቆማለሁ› አለኝ። አላመንኩትም። ወረቀቱን ነጠቅሁት። አልለቅም ሲለኝ ገፋሁት። መከለያው አጭር ነው፣ እማማ። አጭር ነው። ወረቀቱን ቀዳድጄ ሽንት ቤት ጣልኩት።»

«አብሮህ ሊቆም ነበር?»

«አዎ።»

እናትየው ደረታቸውን ያዙ። «የኔ ልጅ! የኔ ጌታ!» አሉ፤ እንባቸው እስከ አገጫቸው ወረደ። ለሊሴ ልትደግፋቸው ብትነሳ በእጃቸው ገፍተዋት ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ከታች ግቢው ውስጥ ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ እንደቆሙ ናቸው፤ አሁንም ያወራሉ። ወይዘሮ ሙፊዳ መከለያውን በሁለት እጃቸው ያዙና ባላቸው ድምፅ ሁሉ ጮኹ።

«ስሙኝ እናንተ! ልጄ ራሱን አልጣለም! ሰው ነው የገፋው! ሰሚር ሁመድ ራሱን አልጣለም!»

ከታች ያሉት ቀና አሉ። ወሬው ቆመ። እሳቸው ግን አንድም ያልሰማ ሰው እንዳይቀር ደጋግመው ጮኹ፤ ፀሐይቱም አላስቆመቻቸውም።