በጥር የገማው ሙክት

ዛር አለ፣ ጋኔን አለ ሲሉኝ ያደግሁ ሴት ነኝ፣ አንዱንም አምኜ አላውቅም፤ ዓይኔ ያላየውን አልቀበልም፣ የልጅ ልጆቼ ድርቅ ያልሽ ነሽ የሚሉኝም ለዚሁ ነው። ይቺን ግን አፍንጫዬ አሽትቷታል፣ የኔ ብቻ ሳይሆን የጠላኝም ሰው አፍንጫ አሽትቷታል፣ ስለዚህ እንደሆነችው ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ጊዜው ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ የተቀመጠበት ነው፣ እኛ የምንኖረው ከቡሬ ዝቅ ብሎ ወደ ቆላው በሚያዘነብለው አገር ነበር። አባትና እናታችን ሞተው የቀረነው እኔና ወንድሜ አለምነህ ነን፣ እኔ ገና ያልተዳርሁ፣ እሱ የሺን ያገባ ጎልማሳ። አለምነህ አንድ ቀይ ወጠጤ ነበረው፣ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ጺሙ ላይ እየሸና አገሩን የሚያገማ፣ ግማቱ ከወንድሜ ጋቢ ቢታጠብ የማይለቅ። ወደ አርበኞቹ ሊሄድ ሲነሣ በገዛ እጁ ቀጥቅጦ ሙክት አደረገውና፣ «አንቺ ጥሩ፣ አደልቢልኝ፣ ስመለስ አርደን እንበላዋለን» አለኝ። ሙክት ደግሞ ታውቃለህ፣ ከተቀጠቀጠ ወዲያ ግማቱ ይጠፋል፣ እንስቶቹን ዞር ብሎ አያይም፤ የኛም እንዲሁ ሆነ፣ መስከረም መጥቶ መስከረም ቢሄድ ምንም የማይሸት ጭምት ሆኖ ቀረ።

የመንደሩን ፍየል ባንዳዎቹ ለምሽጉ ቀለብ እየነዱ ጨረሱት፣ አውራ የሚባል አንድ አልቀረም፤ የኔን ሙክት ጓዳ እያሰርሁ፣ ጥቂት እንስቶችንም ገደል እየደበቅን ነው ያተረፍነው። ወንድሜ በሄደ በሦስተኛው ዓመት አንድ ነጋዴ ከቡሬ ገበያ ሲመለስ፣ አለምነህ ብር ወንዝ ዳር ወድቋል የሚል ወሬ ይዞ መጣ። ሬሳውን ያየ የለም፣ የቀበረው የለም። አጎታችን አያ ፈንታ ግን ወሬውን እንደ ሰሙ ለቅሶ ተቀመጡ፣ ጥምቀት ሲያልፍም፣ «ዐቢይ ጾም ሳይገባ ተዝካሩን እናውጣ፣ ሙክቱም ይታረድ» አሉ። ተዝካሩ ከወጣ አለምነህ ሞቷል ማለት ነው፣ ሞቷል ከተባለ ደግሞ የርስት ድርሻው አያ ፈንታ እጅ ይገባል፣ የሺም ጓዟን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች።

«አያ ፈንታ፣ ሬሳውን አይተውታል?» አልኋቸው።

«አገር የሰማውን አንቺ ብቻ አልሰማሁም ትያለሽ?»

«የሰማ ብዙ ነው፣ ያየ አንድ ይምጣ። ያልሞተ ሰው ድርሻ አይከፈልም፣ ፍየሉም አይታረድም።»

«ለምላስሽ የምትሰጪውን ቀለብ ለፍየሉ ብትሰጪው ኖሮ ደብሩን ሁሉ ያጠግብ ነበር» አሉ፣ ሰዉም ሳቀ፣ የሚታረድበትም ቀን ተቆረጠ።

የዚያኑ ለት ፀሐይ ስትጠልቅ ከጓዳ ድምፅ ሰማሁ፣ አውራ ፍየል ምላሱን እያርገበገበ እንስት ሲከተል የሚያሰማውን፣ ብልብል የሚለውን። የሺ ናት ብዬ ጠራሁ፣ የሺ ከደጅ መለሰችልኝ። ብገባ ሙክቱ ቆሟል፣ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ አየሩን ያሸታል፣ ጺሙ ርሷል። ከዚያ ግማቱ ደረሰብኝ፣ እመነኝ፣ ዓይኔ እስኪያለቅስ ድረስ የዚያ የድሮው ወጠጤ ግማት ነው፣ ያውም በጥር፣ አውራውም እንኳ ቢሆን ያን ያህል በማይገማበት ወር። እንስቶቹ ከደጅ በሩን በቀንዳቸው ይገፉ ጀመር።

በነጋታው አያ ፈንታ ከአራጁ ጋር መጡና ገና ከደጃፍ አፍንጫቸውን ያዙ። እንዲህ የሚገማ ፍየል ሥጋው አይቀመስም፣ ለካህናት አቅርቡት ቢባል ማን ይደፍራል።

«የወጠጤ ሽንት ቀብታው ነው፣ ተዝካሩን ልታፈርስ» አሉ።

«ወጠጤውን ከየት አምጥቼ? አንድ አውራ ያሳዩኝና በፍየሉ ፋንታ እኔ ልታረድ። ደግሞ በሐሰት ከሚያሙኝ ይታጠብ፣ እርስዎ ቤት ይደር፣ በሩንም እርስዎ ይዝጉት።»

ወንዝ ወስደው በእንዶድ አጠቡት፣ ከብት የሚቀጠቅጠው ጎረቤታችን ጎንበስ ብሎ ዳሰሰውና፣ «ባዶ ነው፣ ሥሩ ከደረቀ ቆይቷል» አለ። አያ ፈንታ ቤታቸው ወስደው አሰሩት። ሲነጋ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው ወጡ፣ መኝታው ገምቷል፣ ከጣራው ሥር ተሰቅሎ ያደረው ቅቤ ሳይቀር ገምቷል። «ውሰጂው» አሉኝ። በምትኩ የሚታረድ ሌላ ሙክት ሳይገኝ ጾሙ ገባ፣ ተዝካሩም በዚያው ቀረ፣ የሺም ከቤቷ ሳትወጣ ቀረች፣ እኔም እውነት ወጣች ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

በዓመቱ ጣሊያን ሲወጣ አለምነህ መጣ። ከስቷል፣ ያ ሙሉ ጺሙ ረግፎ ፊቱ እንደ ልጃገረድ ለስልሷል። መደቡ ላይ ተቀምጦ ውኃ ጠጣና፣ «ምንድን ነው የሚሸተኝ?» አለ።

«ያንተው ፍየል ነው።»

«እኔ ቀጥቅጬው አልነበር?»

«ቀጥቅጠኸው ነበር፣ አምና ከጥምቀት ወዲህ ነው የጀመረው፣ በጋ ከክረምት አይለይም።»

የጠጣበትን ዋንጫ መሬት አስቀመጠና፣ «ባንዳዎቹ የያዙኝ ያን ሰሞን ነው» አለ። ምን እንዳደረጉት አልጠየቅሁትም፣ ፊቱ ይነግር ነበር፤ ለየሺ ነግሯታል መሰለኝ፣ ልጅ ሳይወልዱ አብረው አረጁ፣ አንድ ቀን ስታማርር አልሰማኋትም። ድርሻውን አያ ፈንታ እያዩ፣ ስንዝር ሳይጎድል አስረከብሁት። ፍየሉን እንረደው ስለው፣ «ተዪው» አለኝ፣ ማታ ማታ አጠገቡ እየተቀመጠ ጺሙን በጣቱ ያበጥርለት ነበር፣ እያበጠረም ሌላው እጁ የራሱን ባዶ አገጭ ይዳስሳል። እኔ ያን ሳይ ከቤት እወጣለሁ።

ፍየሉ አርጅቶ ሲሞት ከቤቱ ጀርባ እንደ ሰው ቆፍረን ቀበርነው። አለምነህም የሺም አልፈዋል፣ ቦታው አሁን የኔ ነው። ጥር በመጣ ቁጥር እንስት ፍየሎች እዚያ ቦታ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ መሬቱን ያሸታሉ፣ በዱላ ካልሆነ አይነሡም። ምን ይሸታቸዋል ብለህ ብትጠይቀኝ አላውቅም፤ ጎንበስ ብዬ አላሸተትሁም፣ አላሸትምም።