ቀጠሮ ያልጠየቁ ሽማግሌዎች

ጠልሐ የካፌውን በር ገፍቶ ሲገባ ማይኩን ይዛ የነበረችው ሀፊዛ ናት። ወሬዋን ከመሃል ቆረጠችው። ሰዉ ሁሉ የምታየውን ለማየት ወደ በሩ ዞረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኡራኤል አካባቢ አንድ ፎቅ ተከራይቶ ያስተምር የነበረ፣ ዛሬ የተዘጋ ትንሽ ኮሌጅ ነበር። ተመራቂዎቹ ጥቂት ስለሆኑ አይጠፋፉም። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ተሰብስበው ማን የት እንደደረሰ ይጨዋወታሉ፦ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅ። መድረኩን የምትመራው ሁሌም ሀፊዛ ናት። ባምቢስ አካባቢ አንድ አስመጪ ጋ አካውንታንት ሆና ትሠራለች። የሁሉንም ደስታ በማይክ ትናገርና የራሷ ተራ ሲደርስ «እኔማ ያው ነኝ» ብላ ታልፋለች።

ጠልሐ ደግሞ ሰርቬየር ነው። ከተመረቁ ወዲህ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም።

«እሺ፣ የጠፋው ሰውዬ ይነሳ!» አለ ያብስራ። ያብስራ የጠልሐ የልብ ጓደኛ ነው፤ ባለበት ቦታ ሁሉ ሳቅ አይጠፋም።

ጠልሐ ተነሳ። ፀሐይ አጥቁሮታል፤ ግንባሩ አካባቢ ፀጉሩ ሳስቷል። ዓይኑ ግን ያው ነው። ሀፊዛ ይሄን ማየት አልፈለገችም ነበር።

«ጠልሐ ነኝ። አፋር፣ ሎጊያ ነው ያለሁት፣ የመንገድ ሥራ ላይ። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ።»

«ትዳርስ?» አለች ሰገን፣ ከኋላ ወንበር።

«የለም።»

«ምነው?»

ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ማለቴ... አንዴ ሽማግሌ ልኬ ነበር። ከለከሉኝ። በቃ።»

ቤቱ ሳቀ። ያብስራ ብቻ ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ። ሀፊዛ ግን ማይኩን ለሰገን አቀብላ ወደ በረንዳው ወጣች። ጥቂት ቆይቶ ጠልሐም ተከትሏት ወጣ።

«ይቅርታ ሀፊዛ» አለ። «ሰው መሃል ማንሳት አልነበረብኝም።»

«ማን ነው የከለከለህ?»

«እንዴት ማን ነው? አባትሽ ናቸዋ።»

«አባባ አልከለከሉህም።»

«‹ልጃችን ገና ናት፤ ዘመድም አልመከረበትም› ነው ያሏቸው። ከዚህ በላይ እንዴት ይከልክሉኝ?»

ሀፊዛ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ጠልሐ... ይሄ እኮ የመጀመሪያ ቀን መልስ ነው» አለችው ቀስ ብላ። «የትኛው አባት ነው ገና በመጀመሪያው ቀን ልጁን ‹እንካችሁ› የሚለው? ሽማግሌ ‹መቼ እንመለስ?› ይላል። ቀጠሮ ይዞ ይወጣል። ይመለሳል።»

ጠልሐ ይሄን የሚነግረው ሰው አልነበረውም። አባቱ በልጅነቱ ነው የሞቱበት። ኮምቦልቻ ያሉትን አጎቱን ደግሞ ሥራ ሳልይዝ አላስቸግርም ብሎ አፈረ። ስለዚህ የላከው ያብስራንና ሁለት የክፍል ጓደኞቹን ነበር፤ ሱፍ ተውሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ሽማግሌ ነን ብለው ገቡ።

«ያብስራ!» አለ ወደ ውስጥ። «እስቲ ና።»

ያብስራ መጣ።

«ያን ቀን ቀጠሮ ጠይቃችሁ ነበር?»

«የምን ቀጠሮ?»

«የምትመለሱበት።»

«ሰውዬው ‹ገና ናት› ብለው ፊታቸውን ሲያጠቁሩብን ምን ብለን እንቀመጥ?» አለ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «መኪናዋንም ክልክል ቦታ ነበር ያቆምናት... ቶሎ ወጣን።»

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይሄ ነው። አንዲት «መቼ እንመለስ?» ከአፋቸው ብትወጣ ኖሮ ይሄን ጊዜ የሀፊዛ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር። ያብስራ ተራ በተራ አያቸውና ምንም ቀልድ ሳይመጣለት ተመልሶ ገባ።

«እና አንቺ...» አለ ጠልሐ። «አንቺ ምን መስሎሽ ነበር?»

«ትመለሳላችሁ ብዬ ጠበቅኩ። እማ ‹ሽማግሌ መጥቷል፣ ይመለሳል› አለችኝ። ረመዳን መጣ፣ ሄደ። የተውከኝ መሰለኝ።»

«ብትደውይልኝስ?»

«ምን ብዬ? ‹ሽማግሌህ የት ቀረ?› ብዬ? ሴት ልጅ ይሄን ትጠይቃለች? በኋላ አፍሬም ቢሆን ሞከርኩ። ስልክህን ቀይረህ ነበር።»

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እውነት ነው፤ ባልም አይገባም። እሱ ተከለከልኩ ብሎ በረሃ ወረደ፣ እሷ ተተውኩ ብላ ዝም አለች፣ ሁለቱም ኩራታቸውን ታቅፈው ቀሩ። ኮሌጅ እያሉ ከኡራኤል እስከ ካዛንቺስ ቤቷ ሲሸኛት ታክሲው ባዶውን እየጠራቸው በእግር የሚሄዱ ልጆች ነበሩ።

«አንድ ነገር ልንገርህ?» አለች። «ካዛንቺስ ቤታችን ሲፈርስ ሰው ሁሉ ለግቢው፣ ለጎረቤቱ አለቀሰ። እኔ ደግሞ ‹አሁን ሽማግሌዎቹ ቢመጡ የት ያገኙናል?› ብዬ ነው ያለቀስኩት። ያኔ እንኳ ዓመታት አልፈው ነበር። ወላሂ፣ እንደዚህ ሞኝ ነኝ።»

ጠልሐ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«አሁንስ?» አለ ሳይዞር። «አሁን ብልክ ይረፍዳል?»

«ለእኔ አይረፍድም። አባባን ግን እንጃ። ንቀውን ቀሩ ብለው ነው የሚያስቡት። ስምህ ቤታችን አይነሳም።»

ሀፊዛ ለአባቷ ክፉ ተናግራ አታውቅም፤ ደግም ቢሆን ብዙ አትናገርም። በማግስቱ ግን ሰንጋ ተራ፣ ካዛንቺስን ለቀው የገቡበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አባቷ ጋሽ ጦይብ ከሱቅ ተመልሰው ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ፊታቸው ቆመች።

«አባባ፣ ጠልሐ አልናቀንም። ሽማግሌዎቹ አላወቁም ነበር። የተከለከሉ መስሏቸው ነው።»

«ሽማግሌ ሆኖ አላወቀም ይባላል?»

«ሽማግሌ አልነበሩም እኮ። ልጆች ነበሩ።»

ጋሽ ጦይብ ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ ከየት አወቅሽ?»

«ትናንት አገኘሁት።»

እናቷ ፋጤ ከጓዳ ብቅ ብላ ባለችበት ቀረች። አባትየው ከነጫማቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ስትጠብቂው ነበር እንዴ?»

«አዎ።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት? የመጣውን ሁሉ እምቢ ያልሽው...»

«አዎ፣ አባባ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎስ ለምን አልጠየቁኝም?»

ፋጤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጋሽ ጦይብ ግን አልተቆጡም። አጎንብሰው የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ያዙ፤ ሳይፈቱትም ብዙ ቆዩ።

«ይምጡ» አሉ በመጨረሻ። «ግን እንደ ሰው ይምጡ።»

አጎትየው ከኮምቦልቻ መጡ። ሁለት የሠፈር ሽማግሌዎች ተጨመሩ። ያብስራም ልካስ ብሎ አብሯቸው ወጣና የሽማግሌዎቹን ጫማ እየጠበቀ በር ላይ ቆመ። ጠልሐ ታች፣ ብሎኩ ሥር ቀረ። ጋሽ ጦይብ እንግዶቹን አስቀምጠው፣ ጉዳዩን ጥንቅቅ አድርገው ሰምተው ሲያበቁ፣ በክብር እንዲህ አሉ፦ «ልጃችን ገና ናት። ዘመድም አልመከረበትም።»

ሀፊዛ ከጓዳ ሰማች። ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠጋች።

አጎትየው ግን ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። «ደግ ብለዋል። መቼ እንመለስ?»

«የመጪው ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ።»

በጁምዓው ተመለሱ። ጋሽ ጦይብ ዘመዶቻቸውን ሰብስበው ጠበቋቸው። ፋቲሃ ተቀራ፤ ሀፊዛ ለጠልሐ ተፈቀደች። የኒካሁ ቀንም እዚያው ተቆረጠ።

ጠልሐ ግን በቦታው አልነበረም። ፈቃዱ አልቆ ሎጊያ ገብቷል፤ የሰማውም በስልክ ነው። ሀፊዛ እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ደውላ ነገረችው። ብዙ አወሩ፣ ሳቁ፣ ስለ ቤት ኪራይ ሳይቀር ተጨቃጨቁ። በመሃል ድምፅዋ ጠፋ።

«ሀፊዛ? እያለቀስሽ ነው?»

«አዎ።»

«ዛሬ? በዚህ ደስታ?»

«ደስታውን ትቼ አይደለም። ለስድስት ዓመቱ ነው። የሚመልስልን የለም አይደል? ዛሬ ብቻ ላልቅስለት፣ ከነገ ጀምሮ አላነሳውም።»

ከወዲያ በኩል የሎጊያ ንፋስ ተሰማ። ከዚያ የጠልሐ ድምፅ።

«አልቅሺ» አላት። «ስልኩን አልዘጋም።»