የሁለተኛው ሳጥን ኤሊዎች

ዶክተሩ የኤሊ እንቁላል ማፈልፈያው ክፍል ውስጥ በጎናቸው ወድቀው የተገኙት ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት ነበር። ቀኝ እጃቸው የትንሿን ማሞቂያ የብረት እጀታ እንደጨበጠ ቀርቷል። ያገኘቻቸው የሙቀት መዝጋቢዋ ናት፤ ቴርሞሜትር ልታነብ ገብታ። ጮኸች። ከጩኸቷ በኋላ ግን መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ሟቹ ሳይሆን ስለ መዝገቡ ነበር፤ በዚህም ራሷን ጠላች። እዚያ መዝገብ ውስጥ ውሸት እንዳለ ታውቃለችና።

መርማሪዋ ረፋድ ላይ ደረሰች። አጠር ያለች፣ ሰው ሲያናግራት ዓይኑን ትታ እጁን የምታይ ሴትዮ ናት። ማሞቂያውን አገላበጠችው።

«ሽቦው አርጅቶ አይደለም። በምላጭ ተልጦ ከብረቱ ጋር እንዲነካካ ተደርጓል።»

ሁሉም «ጋሽ ፊውዝ» የሚሉት ሽማግሌ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እንቁላሎቹ ከመግባታቸው በፊት ፈትሼ ከመደርደሪያው ሥር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ያኔ ደህና ነበር። ከዚያ ወዲህ ማን ይነካዋል?»

«ማንም አልነካውም» አለ የዶክተሩ ምክትል፣ የጋዎኑን እጅጌ እያስተካከለ። «ክፍሉ ሃያ ስድስት ዲግሪ ላይ ነው የቆየው። መዝገቡን ይዩት፤ በየቀኑ የእሷ ፊርማ አለበት።»

መዝጋቢዋ ወደ መዝገቡ አየች። የክፍሉ ቁልፍ በእሷ እጅ፣ ፊርማውም የእሷ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼ ነው። ብትናገር በሐሰት ፊርማ ትጠየቃለች፤ ዝም ብትል የሰው ነፍስ ሊላከክባት ነው።

«ከዶክተሩ ጋር ትከራከሩ ነበር ይባላል» አለች መርማሪዋ ወደ ምክትሉ ዞራ።

«በሥራ ነው። እሳቸው የዚህች ኤሊ ጾታ እንደ ሰው በክሮሞዞም፣ ከመነሻው የተወሰነ ነው ይላሉ። እኔ ሙቀት ነው የሚወስነው እላለሁ። እንደዚህ ክፍል ቀዝቀዝ ካለ ወንድ፣ ከሞቀ ሴት። ያውም ሁልጊዜ አይደለም፤ እንቁላሉ ከሚቆይበት ስልሳ ቀን መካከለኛዎቹን ሃያ ቀናት ብቻ።»

«ለምን አልሞከራችሁትም?»

«እሳቸው መቼ ፈቅደው!»

መርማሪዋ ከሟቹ ኪስ የወጣ ወረቀት አንብባ አጠፈችና መዝጋቢዋን ወደ ኮሪደሩ ጠራቻት።

«ልጄ፣ በእነዚህ ወራት ታመሽ ነበር?»

«እኔ አልገደልኳቸውም።»

«እሱን መቼ ጠየቅኩሽ።»

መዝጋቢዋ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ሁለት ሳምንት ተኝቼ ነበር፤ ታይፎይድ። ፈቃዴ አልቋል። ምክትሉ ‹ግድ የለሽም፣ እኔ አነብልሻለሁ፣ ስትመለሺ ትፈርሚያለሽ› አለኝ። እዚህ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንሸፋፈነው። የክፍሉ ቁልፍማ እሱም አለው። ስመለስ የአሥራ አራቱን ቀን ባንዴ ፈረምኩ።»

«መቼ ነበር የተኛሽው?»

«ሦስተኛው የእንቁላል ሳጥን በገባ ማግስት።»

መርማሪዋ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት፤ ለመዝጋቢዋ ግን መጽናኛ ይሁን ካቴና ከማጥለቅ በፊት የሚደረግ ነገር ይሁን አልገባትም።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ሠራተኞች ከሳጥኖቹ ፊት ቆሙ። ጫጩቶቹ አሸዋውን ይቧጥጣሉ።

«ሳጥኖቹ በሃያ ሃያ ቀን ልዩነት ነው የገቡት» አለች መርማሪዋ። «ትናንት ለዶክተሩ የመጣላቸው፣ ከኪሳቸው የተገኘው የላቦራቶሪ ውጤት ይኸው። የመጀመሪያው ሳጥን በሙሉ ወንድ። ሦስተኛው በሙሉ ወንድ። የሁለተኛው ግን ሃያ ሰባቱም ሴት። ሦስቱም የኖሩት በዚህችው ክፍል ነው። ስለዚህ ክፍሏ የሞቀችው የመጀመሪያው ሳጥን መካከለኛ ቀኑን ከጨረሰ በኋላ፣ ሦስተኛው ገና ሳይደርስበት፣ ሁለተኛው ልክ እዚያው ላይ ሳለ ነው። ያ ደግሞ ይህች ልጅ የተኛችበት ሁለት ሳምንት ነው። መዝገቡን ያኔ የጻፉት እርስዎ ነዎት። ማሞቂያውን ማንም አልነካውም ያሉትም እርስዎ።»

ምክትሉ የጋዎኑን እጅጌ አስተካከለ።

«ዶክተሩ ትናንት ሲወጡ ‹ነገ ጠዋት ያንን ማሞቂያ ራሴ አውጥቼ ለቦርዱ አሳያለሁ› ለምክትሉ ሲሉት ሰምቻለሁ» አለ ጋሽ ፊውዝ ቀስ ብሎ።

«ስለዚህ በስውር ማሞቅዎ ሊጋለጥ ነበር፤ ማሞቂያውን ማን እንደሚጨብጠውም ያውቁ ነበር» አለች መርማሪዋ። «አንድ መውጫ ግን አለዎት። ዶክተሩ ልክ ነበሩ ይበሉ። ጾታው በክሮሞዞም ከሆነ ሳጥኑ ስለ ሙቀት አይመሰክርም። የሚቀረን የዚህች ልጅ ቃል ነው፤ እሷ ደግሞ በፊርማዋ ዋሽታለች።»

መዝጋቢዋ ምክትሉን አየችው። ሕይወቷ በዚህ ሰው አፍ ላይ ተንጠልጥላለች፤ አንድ ቃል ይበቃዋል። ምክትሉ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብሎ ጫጩቶቹን ለረጅም ጊዜ አየ።

«ሃያ ሰባቱም?»

«ሃያ ሰባቱም።»

«ሙቀት ነው» አለ ቀና ብሎ። «ስንት ጊዜ ነገርኳቸው።»

መዝጋቢዋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ነጻ መውጣቷን ታውቃለች። ሰውየው ግን ደስ ብሎት ነበር፤ ይህም ጠዋት ካየችው ሬሳ ይልቅ አስፈራት።