ሉስ ዳሪ አልጨፈረችም

«እውነቱን ብቻ ንገሪኝ» አለች ሱላይ፣ ኒዲያን በክንዷ ጎትታ ከትምህርት ቤቱ የውሃ ቧንቧ ጀርባ ወስዳ። «እህትሽ ስፌቷ ሳይደርቅ ጨፍራለች ወይስ አልጨፈረችም?»

ኒዲያ የጎረሰችውን ውሃ ዋጠች። ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት የጠየቃት ሰው እስከዛሬ አልነበረም። ሰፈሩ የሚያወራው ከጀርባዋ ነው።

«ዛሬ ምን አስታወሰሽ?»

«እማዬ ቅዳሜ ልትሠራ ነው።» ሱላይ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጡቷን። ያው ዶክተር ኦስማር ጋ። ደንበኛ ስታመጣለት ስለከረመች በነፃ ነው የሚሠራላት። እኔ ግን ፈራሁ።»

«ቆይ፣ እናትሽ ድሮ ተሠርታ የለ እንዴ! ለእህቴ ያሳየቻት ታዲያ ምኑን ነው?»

ሱላይ ፊቷ ቀላ። «ስፖንጅ ነው» አለች፣ የጫማዋን ጫፍ እያየች። «ጡት መያዣዋ ውስጥ የምትከተው ስፖንጅ። ሼም ስለሆነብኝ ነው ያልነገርኩሽ።»

ካሊ ከተማ ውስጥ ጡት መሠራት እንደ ፀጉር መሠራት ነው የሚወራው። አስተናጋጇም፣ የባንክ ሠራተኛዋም፣ ለልጇ ሠርግ የምትዘጋጅ እናትም ቀን ትይዛለች። የአውቶቡሱ ጀርባ ማስታወቂያው እሱ ነው፤ የፋርማሲው በርም እንደዚያው። የሱላይ እናት የእትዬ ማርሌኒ ፀጉር ቤት ውስጥማ ከፀጉር ይልቅ የጡት ወሬ ይበዛ ነበር። የኒዲያ ታላቅ እህት ሉስ ዳሪ የጫማ መደብር ሻጭ ነበረች። አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ስትተኮስ፣ እትዬ ማርሌኒ በመስታወቱ ውስጥ ደረቷን ነፋ አድርጋ፣ «እስቲ እዪኝ! የዶክተር ኦስማር እጅ ነው። ከተፈጥሮ ማን ይለየዋል?» አለቻት። ሉስ ዳሪ አየች፤ አመነች። ያጠራቀመችውን ይዛ ታፔላ ወደሌለው ቤት ሁለተኛ ፎቅ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኒዲያ በዓይኗ አይታለች። ትኩሳቱን፣ ቅዠቱን፣ አንሶላው ላይ የሚቀረውን እድፍና ሽታ አይታለች። በሕዝብ ሆስፒታል ያከመቻት ሐኪም የተከተተባትን ነገር አውጥታ ስትጨርስ ከእናታቸው ጎን ቁጭ አለች። «በደህና ሐኪም እጅ እንኳ አደጋ አያጣውም» አለች። «ይኼን ያደረገው ግን ሐኪም አይደለም። የከተተባትም ነገር ለሰው ገላ የተሠራ አይደለም።»

ሉስ ዳሪ ተረፈች። ግራ ጎኗ ግን ተጎድጉዶና ተጨማዶ ቀረ። ሥራዋን ትታ፣ በዚያ ሙቀት ሰፊ የወንድ ሸሚዝ ለብሳ ቤት ዋለች። እናታቸው ልትከስ ስትሄድ ሰውየው ቤቱን ለቆ ጠፍቷል፤ «ያለበትን የሚያውቅ ምስክር አምጪ» ተባለች። የሚያውቀው ደግሞ አንድ ሰው ነው። እትዬ ማርሌኒ ግን ለመጣው ደንበኛ ሁሉ፣ «እኔ ምን አገባኝ? ስፌቷ ሳይደርቅ የሳልሳ ዳንስ ቤት ስትጨፍር አድራ!» አለች። ሰፈሩም አመነ። አንዲት ወጣት ሳልሳ ልትጨፍር ወጣች ቢባል ካሊ ውስጥ የማያምን የለም።

ያ ሁሉ በስፖንጅ ነው ለካ። ሱላይም ታውቅ ነበር።

«ጨፍራለች» አለች ኒዲያ።

«እውነት?»

«ተይ ብለናት ነበር። አልሰማ አለች። ሰውየው ምንም አላጠፋም።» ቃሉ እንዲህ ቀሎ ከአፏ መውጣቱ ራሷን ገረማት። «እናትሽ ትሂድ። አትፍሪ።»

ሱላይ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «አቦ ተባረኪ! አሳረፍሽኝ።»

ኒዲያ እቤት እንደደረሰች ለሉስ ዳሪ ነገረቻት። ሉስ ዳሪ አልጋዋ ላይ በጎኗ ተጋድማ ነበር። ስለ ስፖንጁ ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። ስለ ቅዳሜው ስትሰማ ግን ቀስ ብላ ተነሥታ ተቀመጠች።

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ጨፍራለች አልኳት።»

ሉስ ዳሪ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ያልሳቀችውን ሳቅ፣ ጎኗን ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ትሂድ!» አለች። «በእግዜር፣ ትሂድ! መጀመሪያ ይበርዳታል። ‹የማደንዘዣው ነው› ይላታል። ቀጥሎ ስልኩን ያጠፋል።»

«ከዚያ እኛ ሾርባ ይዘን ልንጠይቃት እንሄዳለን» አለች ኒዲያ።

«አልጋዋ ጠርዝ ላይ እንቀመጥና…»

«‹ምነው እትዬ ማርሌኒ፣ ጨፍረው ነው እንዴ?›»

ሁለቱም ትራስ ላይ ተደፍተው ሳቁ። ኒዲያ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እናታቸው ሳቁን ሰምታ ከጓዳ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። የበኩር ልጇን ጥርስ ስታይ ፊቷ በራ። «ምንድን ነው? ለእኔም ንገሩኝ እንጂ» አለች። እህትማማቾቹ ተያዩና፣ «ምንም» አሉ።

በሚቀጥሉት ቀናት ቂሙ እንደ ከረሜላ ነበር። ኒዲያ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ በምላሷ ታገላብጠዋለች። እትዬ ማርሌኒን መንገድ ላይ ስታገኛት ከወትሮው ይልቅ ጎንበስ ብላ ሰላም ትላለች። እትዬ ማርሌኒም፣ «ጨዋ ልጅ!» እያለች ትመርቃታለች።

ዓርብ ከሰዓት፣ የተራራው ነፋስ ወርዶ ሙቀቱ ሲሰበር፣ ሱላይ የኒዲያ እናት ጭማቂ የምትሸጥበት ጥግ ድረስ መጣች። አዲስ ትራስ በላስቲክ ተጠቅልሎ ብብቷ ሥር ነበር።

«ለእማዬ ገዛሁላት» አለች። «የምትተኛው በጀርባዋ ነው አይደል? አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«በጀርባዋ ነው። ከትከሻዋ ከፍ አድርጊያት።»

«ፋሻውን ማን ይቀይርላታል? አባቴ እንደሆነ የለም። ያው እኔው ነኝ። ደም ሳይ ራሴን ብስትስ? አንቺን አላዞረሽም?»

ኒዲያን አላዞራትም ነበር። እጇን ታጥባ፣ ፋሻውን ፈትታ፣ የሚወጣውን ጠርጋ፣ «ቆንጆ ሆኗል፣ እየደረቀልሽ ነው» ብላ ትዋሽ ነበር። ከዚያ ሽንት ቤት ገብታ ውሃውን ትከፍታለች፤ ለቅሶዋ እንዳይሰማ።

«እጅሽን ቀድመሽ ታጠቢ» አለች አሁን፤ ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት።

«እሺ። ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

ሱላይ ትራሷን አቅፋ እየተፍለቀለቀች ሄደች። ኒዲያ የጭማቂ ብርጭቆዎቹን ማጠብ ጀመረች። ቅዳሜ ማታ እትዬ ማርሌኒ ስትንቀጠቀጥ ደጋግማ አስባ አይታታለች። እዚያ ክፍል ውስጥ ሱላይን ግን አንድም ጊዜ አላየቻትም ነበር። አሁን አየቻት፤ እርጥብ ጨርቅ ይዛ፣ ብቻዋን። አንዱ ብርጭቆ ከእጇ አምልጦ ተሰበረ። እናቷ፣ «ምን ነካሽ ዛሬ?» ስትል ኒዲያ ስብርባሪውን ትለቅም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ታክሲው ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ቆሟል። ሱላይ የእናቷን ቦርሳ ከኋላ ጭና ትራሱን ልታመቻች ስትታገል ኒዲያ መንገዱን ተሻግራ መጣች። እትዬ ማርሌኒ በመስኮቱ ብቅ አለች። «ልትሸኚኝ ነው የኔ ቆንጆ?»

«አልጨፈረችም» አለች ኒዲያ።

«ምን?»

«ሉስ ዳሪ አልጨፈረችም። ከአልጋዋ ሳትወርድ ነው ትኩሳቱ የጀመራት። ለሱላይ ዋሽቻት ነው።»

እትዬ ማርሌኒ ሾፌሩን አየችና ሳቅ አለች። «ቅናት ነው! የእህትሽ ስለተበላሸ የሰው ሁሉ ይበላሽ? ደግሞ ዛሬ ለኔ አዛኝ ሆነሽ ሞተሻል!»

«አላዘንኩልዎትም።» ኒዲያ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። «እንዲሄዱ ነበር የምፈልገው። አሁንም እፈልጋለሁ። እንዴት እንደሚታመሙ ቁጭ ብለን ስቀንበታል። ግን የሚያስታምምዎት ሱላይ ናት።»

ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸው። ሱላይ ከመኪናው ኋላ እንደ ምሰሶ ቆማ ቀረች። ከዚያ ቦርሳውን አወረደች፤ ትራሱንም አወረደች። «እማዬ፣ ውረጂ» አለች።

«አብደሻል እንዴ? ቀኔ እኮ ነው! ሰውየው ይጠብቀኛል!»

«ውረጂ አልኩሽ! ብትሞቺብኝ ማን አለኝ?»

የሰፈሩ ሰው በየበሩ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። እትዬ ማርሌኒ ዙሪያዋን አየች፤ ከልጇ ፊት ላይ ያየችው ነገር ግን ሳይከብዳት አልቀረም፤ በሩን በኃይል በርግዳ ወረደችና ወደ ቤቷ ገባች። ታክሲው ባዶውን ሄደ።

ሱላይ ወደ ኒዲያ ዞረች። «ትናንት ‹ከትከሻዋ ከፍ አድርጊያት› ስትዪኝ… ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

ሱላይ እንደማታውቃት ሰው አየቻትና ትራሷን ይዛ ገባች።

እቤት የጠበቃት ደግሞ የባሰ ነበር። ሉስ ዳሪ በመስኮት ሁሉንም አይታለች። «ማን ፈቀደልሽ?» አለች። ጮክ ብላ ብትናገር ይሻል ነበር። «ያ ቅዳሜ የኔ ነበር። የታመምኩት እኔ፣ የተሰደብኩት እኔ! አንቺ ማነሽና ነው የምትምሪያት?»

«እኔ አልማርኳትም።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

ሉስ ዳሪ በሩን ዘጋችባት። እሑድን ሙሉ አላናገረቻትም። ሲመሻሽ ግን ከበሩ በስተጀርባ ድምጿ መጣ።

«ኒዲያ። ማርሌኒ ቅዳሜ ልትሄድ የነበረው የሰውየው አዲሱ ቤት ነው አይደል?»

«ይመስለኛል።»

«ስለዚህ የት እንዳለ ታውቃለች ማለት ነው። ነገ እኔም ቃሌን እሰጣለሁ።»

ኒዲያ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ፀጉር ቤቱ እሑድም ሰው አያጣም። እትዬ ማርሌኒ የአንዲት ሙሽራ ፀጉር እየጠቀለለች ነበር። ኒዲያ ጆሮዋ ሥር ጠጋ አለች። «ነገ ጠዋት እህቴ ለዐቃቤ ሕግ ቃሏን ትሰጣለች። እርስዎም መጥተው ሰውየው ያለበትን ይናገሩ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ እንጠብቅዎታለን።»

«ፀጉር ቤቴን ያሽጉታል እኮ!» አለች እትዬ ማርሌኒ በሹክሹክታ።

«ያሽጉት። ካልመጡ ደግሞ እዚሁ ወንበርዎ ላይ ለሚቀመጥ ሁሉ ስለ ስፖንጁ እነግራለሁ።»

ማበጠሪያው ከእትዬ ማርሌኒ እጅ ወደቀ። ኒዲያ እስክታነሣው አልጠበቀችም።

ሰኞ ጠዋት ሉስ ዳሪና ኒዲያ ማቆሚያው ላይ ነበሩ። ሉስ ዳሪ አሁንም እንዳኮረፈች ናት፤ ግን ከቤት ሳትወጣ ስለከረመች፣ ሰው ባለፈ ቁጥር የእህቷን እጅ ጭብጥ ታደርጋለች። የመጣችው ሱላይ ናት፤ ብቻዋን፣ በትምህርት ቤት ልብሷ።

«እማዬ አትመጣም» አለች። «ሌሊቱን ስታለቅስ ነው ያደረችው። ግን ቤቱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ቀን ስትይዝ አብሬያት ሄጄ ነበር። ደንበኛ እየላከች ምን ታገኝ እንደነበርም አውቃለሁ። እኔ እናገራለሁ።»

ኒዲያ ልቧ ዘለለ። ከዚህ የበለጠ ብድር ምን አለ? ያች ሴት በሰው እህት ላይ አፏን እንደከፈተች፣ የገዛ ልጇ አፏን ትክፈትባት! ሉስ ዳሪን አየቻት። ሉስ ዳሪም አየቻት፤ «ቅዳሜን የወሰድሽው አንቺ ነሽ፣ ይኼንንም አንቺው ቁረጪ» የምትል ትመስላለች።

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ሱላይ እግሯን ደረጃው ላይ አሳረፈች፤ የያዘችው ብረት ላይ ጣቶቿ ነጥተዋል።

«ውረጂ» አለች ኒዲያ።

«ምን?»

«በአንቺ አፍ አንሄድም። ተመለሺና እዚህ እየጠበቅናት ነው በያት።»

«ባትመጣስ?»

«እንጠብቃለን።»

ሾፌሩ፣ «ትገባላችሁ አትገቡም?» ብሎ ጮኸ። ማንም አልገባም። በሩ ተዘጋ። ሱላይ ወደ ሰፈር ስትሮጥ ሉስ ዳሪ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ኒዲያም ጎኗ ተቀመጠች።

ሁለተኛው አውቶቡስ አለፈ። ሌላም አለፈ። ፀሐይዋ ከማቆሚያው ጣሪያ ሥር ገብታ እግራቸውን ማቃጠል ስትጀምር እትዬ ማርሌኒ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ፊቷን አልተቀባችም፤ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ሱላይ ከኋላዋ ራቅ ብላ ትከተላለች። እትዬ ማርሌኒ ይቅርታ አልጠየቀችም። ሰላምም አላለች።

«የት ነው የምንወርደው?» አለች፣ መንገዱን እያየች።

ኒዲያ ፊቷን አዞረች። የመለሰችላት ሉስ ዳሪ ናት፤ የማቆሚያውን ስም ብቻ ነገረቻት፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

አውቶቡሱ ሲመጣ ሁለቱ ሴቶች ተራርቀው ገቡ። ሱላይም ልትከተል ስትል ኒዲያ በእጇ አገደቻት። «አንቺ ትምህርት ቤት ሂጂ። የሂሳብ ፈተናው እንዳያመልጥሽ።»

«ያንቺስ? መምህሩ ቢጠይቀኝ አሟታል ልበለው?»

«አይ» አለች ኒዲያ፣ ደረጃውን እየወጣች። «ያለሁበትን ንገሪው።»