በስምንት ሰዓት ይጨረስ

ሰይዶን ከመውደዴ በፊት የናቅሁት ስሌቱን ነው።

ከወልቂጤ ወደ ጉብሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተጣቦ ተቀምጦ፣ ደብተሩ ላይ የግሉኮስ ጠብታ ያሰላል። እንደ እኔው የሕክምና ተማሪ ነው፤ ከሌላ ግቢ ተዛውሮ በዚያው ሳምንት መምጣቱን በኋላ ነገረኝ። አላስችል አለኝ።

«ወንድሜ፣ ሰዓቱን ወደ ደቂቃ አልቀየርከውም። በሽተኛህ ሰጠመ እኮ።»

ቀና ብሎ አየኝ። አልተናደደም።

«እንግዲያው አንቺ አድኚው» ብሎ እስክሪብቶውን ሰጠኝ።

አሰላሁለት። ምን ልዋሽ፣ ጉብሬ ስንወርድ ልቤ አብሮት ወረደ።

ዓመቱን ሙሉ አብረን አጠናን። በግንቦት 2009 መጨረሻ ለአገር አቀፍ ፈተና ተብሎ ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ የመድኃኒት አስተዛዘዙን ሁሉ ከወረቀት እያነበብን ተጠያየቅን። ዝም ብሎ ሲያየኝ የማነበው መስመር ይጠፋብኛል። ለአረፋ ቡታጅራ፣ አባቴ ዘንድ፣ ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተን ነበር።

አንድ ቀን ስጠይቀው «አንድ ሊትር በስምንት ሰዓት ይጨረስ» ብሎ መለሰ።

«እንደሱ አትበል» አልኩት። «ነርሷ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንዲያልቅ ብታደርገውስ? ጠብታውን ጻፍ። በደቂቃ አርባ ሁለት። በአፍ አይታዘዝም።»

«እሺ የኔ ፕሮፌሰር» አለና ሳቀብኝ።

በሳምንቱ ተቅማጥ ያደቀቃቸው፣ ልባቸውም ደካማ የሆነ አዛውንት ለእኔ ተመደቡ። ዶክተሩ ፈሳሹን እንዳሰላ አዘዙኝ። ስጨርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ዙሁር ልሰግድ፣ ከዚያም ሴሚናር ልገባ ነበርና «አንድ ሊትር፣ በደቂቃ አርባ ሁለት ጠብታ» ብዬ ያሰላሁበትን ወረቀት ለሰይዶ ሰጠሁት።

«ቻርቱ ላይ ገልብጠህ ዶክተሩን አስፈርማቸው።»

እሱ ግን ለምሳ ቸኮለ። ለሲስተር ወርቅነሽ በር ላይ ቆሞ «አንድ ሊትር፣ በስምንት ሰዓት ይጨረስ» ብሏቸው ወጣ። እሳቸውም ሰዓታቸውን አይተው፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ለቀቁት።

ስመለስ አዛውንቱ ቁጭ ብለው አየር ያጥራቸዋል። ኦክስጅን ተደረገላቸው፣ ውሃውን የሚያወጣ መርፌ ተወጉ። አልሃምዱሊላህ፣ ተረፉ።

«በቃል ያዘዘው ማነው?» አሉ ዶክተሩ።

ሲስተር ወደ ሰይዶ አመለከቱ። ሰይዶ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ።

«በሽተኛው የሰፍያ ነው። እሷ በል ያለችኝን ነው ያልኩት።»

«የሰጠሁህ ወረቀትስ?» አልኩት።

«የምን ወረቀት?»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዲህ እንደሚያም ግን የነገረኝ የለም። በሽተኛው የእኔ፣ ስሌቱ የእኔ፣ ምስክር የለኝ። ዓመቱን ድገሚ ተባልኩ። እሱ አለፈ።

የአረፋ ዋዜማ ቡታጅራ፣ አባቴ በርበሬ የሚሸጥበት ሱቅ ድረስ መጣ። አባቴ ለሰላት ወጥቶ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሰፍያ።»

«ወአለይኩም ሰላም።»

«ከሌላ ግቢ የተዛወርኩት አንድ ዓመት ወድቄ ነው፤ አልነገርኩሽም። ዳግም ብደግም መባረሬ ነበር። አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ዓመቱ ምንም አይልሽም። ለሁለታችን ብዬ ነው። ሽማግሌዎቹ ነገ ይመጣሉ።»

ያን ፊት አየሁት። አሁንም እወደው ነበር፤ ያ ነው የሚያቃጥለኝ።

«ሰይዶ፣ ያን ቀን በር ላይ ጠርተኸኝ 'ልባረር ነው፣ አንቺ ተሸከሚልኝ' ብትለኝ ኖሮ፣ ወላሂ እኔ ነኝ እል ነበር። አልጠየቅኸኝም።»

አንድ በርበሬ ገዢ ገብቶ ዋጋ ሲጠይቀኝ፣ እሱ ሹልክ ብሎ ወጣ።

ሽማግሌዎቹ በማግስቱ መጡ። አባቴ ወደ ጓዳ ገብቶ «ልጁን ትፈልጊዋለሽ?» አለኝ። የሆነውን ነገርኩት። «እፈልገዋለሁ ወይም አልፈልገውም በይኝ፣ ሌላው የእኔ ነው» አለ።

«አላገባውም» አልኩ።

ፊቴን አየት አደረገ። ያልመለስኩለት ጥያቄ እንዳለ ገብቶታል፤ ግን አልደገመውም። እንግዶቹን አብልቶ፣ አመስግኖ፣ እስከ አስፋልቱ ሸኛቸው።

እኔ ጓዳ ቀርቼ አለቀስኩ። ሰው ዓመቷ ተቃጥሎባት ነው ይላል። ያለቀስኩት ለእሱ ነው።