ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሳለው ጩቤ

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ እኔ ጂን፣ መንፈስ፣ ምናምን የሚባል ወሬ ሲነሳ ጨዋታ የምቀይር ሰው ነኝ፣ ነቀምቴ ላይ የመኪና መለዋወጫ እየሸጥኩ ከብሎንና ከኩሽኔት ጋር የምውል ነጋዴ፣ ሚስቴ ነጂማ ኮቴ ሰማሁ ስትለኝ እንኳ «ድመት ነው፣ ተኚ» ብዬ ወደ ግድግዳው የምዞር። ይህን የምነግርህም እንድትደነቅልኝ ብዬ ሳይሆን፣ ወላሂ፣ አንጀቴ አርሮ ነው።

አመሌ አሮጌ ጩቤ መሰብሰብ ነው፣ ያውም የፋብሪካውን ሳይሆን፣ ሰው ሲዘምት የሰፈሩ ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ፣ ከስር ከሚደራረበው ብረት፣ ቀጥቅጦ ያስታጠቀውን። ባሌስትራ ስለምሸጥ ብረቱን ገና ከሩቅ አውቀዋለሁ። እኛ ሰብሳቢዎች ታዲያ አንድ ሕግ አለን፣ ዘይት ቀብተህ ታስቀምጠዋለህ እንጂ አትስለውም፣ የሳልከው ዕለት የዘማቹን እጅ ፍቀህ ጣልከው ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ ሲሬ ዕቃ ላደርስ ሄጄ፣ አዴ ጫልቱ ከሚባሉ አሮጊት ቤት አንዱን አገኘሁ። እጀታው የጎሽ ቀንድ፣ ስለቱ ላይ የቀጥቃጩ ምልክት፣ ጎን ለጎን የተመቱ ሦስት ነጥቦች። የባላቸው የቶሌራ ነው። ቶሌራ ወደ ምሥራቅ ሲዘምት ታጥቆት ሄዶ ታጥቆት ተመለሰ፣ በኋላ ወደ ሰሜን ሲጠሩት ግን መኪናው አጣድፎት ግድግዳ ላይ ረስቶት ወጣ፣ በዚያው ቀረ፣ መርዶ እንኳ አልመጣም። አዴ ጫልቱ፣ ቶሌራ ሲመለስ ዶልዱሞ እንዳያገኘው ብለው፣ ያን ሁሉ ዘመን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በራቸው ደፍ ላይ ተቀምጠው ሲስሉት ኖረዋል። አሁን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ልጅ ደግሞ የላቸውም።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አንተ ትስልልኛለህ?» አሉኝ።

«ሃርሜ፣ እናቴ፣ አልዋሽዎትም፣ እኔ ጋ አይሳልም። እንዳለ ነው የምጠብቀው።»

«እዚህ ዝጎ ከሚያልቅ ውሰደው» ብለው በእጄ ሳይሰጡኝ መሬት አስቀመጡት፣ ስለት ከእጅ ወደ እጅ ከተቀባበሉት ያጣላል ይላሉ። ሳነሳው «እንግዲህ ከቶሌራ ጋር ተነጋገሩ» አሉኝ፣ የአሮጊት ጨዋታ ነው ብዬ ሳቅኩ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የአስር ሶላት ሰግጄ ስመለስ፣ ከቤቴ በር በኩል ሽርርር... ሽርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ስደርስ ማንም የለም። ማታ ሳየው ጩቤው ተስሏል። ጩቤዎቼን የምቆልፍበት የመስታወት ሳጥን ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነው ያለው፣ ደሜ ፈላ።

«ማን ነው የነካው?»

«ቁልፉን አንተ ይዘህ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አለች ነጂማ፣ ተኳረፍን።

የሚቀጥለው ቅዳሜም ያው፣ ከዚያ የሚቀጥለውም። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ያየ ሰብሳቢ ሁሉ «ምነው፣ ቅርስ ላይ ሞረድ ታነሳለህ?» እያለ ያሸሙርብኛል፣ ማልኩ፣ ማን ይስማኝ። ባሰ እንጂ አልተሻለም፣ ስለቱ እየሳሳ ሄዶ ከሦስቱ ነጥቦች አንዱ ተበላ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው። ካለኝ ሁሉ የምወደው ጩቤ ዓይኔ እያየ እያለቀ ነው፣ የማሳስረው ሌባ እንኳ የለኝም።

አንድ ቅዳሜ ነጂማ እህቷ ጋ ሄደች፣ እኔ ሳጥኑ ፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራት እንደተለመደው ጠፍቷል። ጩቤው አፎቱ ውስጥ እንዳለ አፍጥጬበት ሳለሁ፣ ከበሩ ሽርርር አለ። እመነኝ፣ ዓይኔ ጩቤው ላይ ነው፣ ጆሮዬ ደፉ ላይ። ቆመ፣ ውኃ ጠብ ጠብ አለ፣ የሚስል ሰው ድንጋዩን እንደሚያረጥበው፣ ከዚያ እንደገና ጀመረ። ንዴቱ ነው እንጂ ድፍረቱ ኖሮኝ አይደለም፣ በሩን በርግጄ ከፈትኩ። ማንም የለም። ጣሪያ የሸፈነው ደፍ መሃሉ ብቻ ረጥቧል፣ ላዩ ላይ ግራጫ የብረት ጭቃ፣ ስነካው ለብ ይላል። ተመልሼ ጩቤውን ከአፎቱ ስመዘው ውኃ ያንጠባጥባል። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ፈራሁ፣ ምን ልዋሽህ።

በማግስቱ ሲሬ ሄድኩ። «ሃርሜ፣ ቤቴን በጠበጠው» ብዬ መሬት አስቀመጥኩላቸው። አንስተው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ አገላበጡት፣ ዓይናቸው ጋ አቀረቡት።

«እኔ አልሳልኩትም» አልኩ።

«አውቃለሁ። እኔ ስስለው የሚሳሳው ይሄኛው ጎን ነበር፣ አሁን የተበላው ያኛው ነው። ቶሌራ ግራኝ ነው።»

የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፣ ተቆጡ። «ታዲያ አንተ ቤት ምን አመጣው? እኔ በራችን ላይ እያረጀሁ እሱ ቤቱን ይረሳል?» እኔን እንደ ጥፋተኛ ነው የሚያዩኝ። ጩቤውን ግድግዳቸው ላይ ሰቅዬላቸው፣ ተገላገልኩ ብዬ ነቀምቴ ገባሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ሳለሁ ስልኬ ጠራ።

«መጣ?» አሉኝ አዴ ጫልቱ።

«አልመጣም፣ ጩቤው እርስዎ ጋ፣ ምን ሊያደርግ እኔ ጋ ይመጣል?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ታዲያ ከጀርባህ የምሰማው ምንድን ነው?»

ዞርኩ። ደፉ ደረቅ ነው፣ እኔ አንዲትም ነገር አልሰማም።

«ስልኩን በሩ ጋ አድርግልኝ፣ ኢልማ ኮ።»

ይኸው ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሱቄን ዘግቼ፣ ስልኬን ወደ ባዶ ደፍ ዘርግቼ እቆማለሁ። ጎረቤት ያየኛል፣ ነጂማ «እምቢ በላቸው» ትለኛለች፣ እንዴት ብዬ? እሳቸው በኦሮምኛ የቤታቸውን መንገድ ለቶሌራ ይነግሩታል፣ አስፋልት ሆኗል፣ መናኸሪያውን አልፈህ ወደ ታች፣ ቤታችን አሁን ቆርቆሮ ነው፣ ሳር ቤት እንዳትፈልግ። ይናገሩና ዝም ይላሉ፣ ሰው መልስ የሚሰጥበትን ያህል፣ ከዚያ «አይ፣ በዚያ አይደለም» ብለው ያርሙታል።

ባለፈው ቅዳሜ ክንዴ ዝሎ፣ ተሰላችቼ ልዘጋ ስል «ቆይ፣ እየጠየቀኝ ነው» አሉ።

«ምን እያለ?»

«አንተ ማን እንደሆንክ።»

ስሜን እንዳይነግሩት ለመንኳቸው፣ እሳቸው ግን ከእሱ ጋር ማውራታቸውን ቀጠሉ።