ዘጠኝ ክንድ ሲባጎ

አንድም ቃል አልጨመርኩበትም። የማያምነኝ ቢኖር አልቀየመውም... እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ቅዳሜ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይዋ የአባቴን ጋራዥ ወለል እስከ ግማሹ ሸፍናዋለች።

አባቴ ደውሎ «ቶሎ ነይ፣ ታስፈልጊኛለሽ» ሲለኝ የመኪና መመሪያ እንዳነብለት መስሎኝ መነጽሬንና መዝገበ ቃላት ይዤ ሄድኩ።

መጽሐፉን ሲያይ ሳቀ።

«የተማረ ይግደለኝ! እኔ የፈለግኩት እጅሽን ነው።»

አብሮት የሚሠራው ሰው ወገቡን አሞት ቀርቷል። የአንዲት አሮጌ ጂፕ የፊት መስታወት ደግሞ የዚያን ቀን መገጠም ነበረበት። ባለቤቷ፣ ጡረታ የወጡ ቀያሽ፣ መስታወቱን ሦስት ዓመት ፈልገው ነው ያገኙት። «ከተሰበረ ሌላ የለኝም፤ አደራ» ብለውታል። አባቴ በሠላሳ ዓመት ሥራ አንድ መስታወት ሰብሮ አያውቅም።

ሥራው እንዲህ ነው። መስታወቱ ዙሪያውን ጎሚኒ የሚሉትን ጥቁር ላስቲክ ይለብሳል። በላስቲኩ ስንጥቅ ውስጥ ሲባጎ ይቀበራል። አንድ ሰው ከውጭ መስታወቱን ይገፋል፤ ሌላው መኪናው ውስጥ ሆኖ ሲባጎውን ይስባል። ሲባጎው ሲወጣ የላስቲኩ ከንፈር እየተገለበጠ ቆርቆሮውን ይነክሳል።

አባቴ ሲባጎውን በክንዱ ለካና ቆረጠው። ዘጠኝ ክንድ።

«መኪናው ውስጥ ግቢና በሩን ዝጊ፣ ቆርቆሮው እንዳይላወስ። ሲባጎውን እጅሽ ላይ እንዳትጠመጥሚው፣ እሺ?»

«እሺ አባዬ።»

በሮቹም አዲስ ጎሚኒ ለብሰዋል። ስዘጋው ጆሮዬ ድፍን አለ።

መሳብ ጀመርኩ። ሲባጎው በሳሙና አረፋ ርሶ ያንሸራትታል... ሳላስበው መዳፌ ላይ ጠመጠምኩት።

የታችኛው ጎን ገጠመ። ከዚያ የግራው... የላይኛው... የቀኙ።

ዙሪያው አለቀ።

ሲባጎው ግን አላለቀም።

«ጨርሺዋ» አለ አባቴ ከመስታወቱ ማዶ።

«እየመጣ ነው...»

«ምኑ?»

«ሲባጎው። ገና አለ።»

«ቀልድሽን ተይ። ራሴ ነኝ የቆረጥኩት።»

ጭኔን አየሁት። የተከመረው ሲባጎ ጉልበቴን ሸፍኖ እግሬ ሥር ወርዷል።

ከሥር ያለው እርጥብ ነው። አሁን የሚወጣው ደረቅ ነው።

ደረቅ ብቻ አይደለም... ሰው ሲጨብጠው እንደቆየ ነገር ይሞቃል።

«አባዬ» አልኩ በሹክሹክታ። «ይሞቃል።»

ፊቱን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ ጭኔን አየ። ፈገግታው ጠፋ።

«ልቀቂው።»

ጣቶቼን ፈታሁ። ግን ጠምጥሜው ነበር...

ያኔ ከወዲያ በኩል ተሳበ።

በኃይል አይደለም። ልክ እኔ ስስበው እንደነበረው... አንድ ስንዝር ይስባል፣ ያርፋል። አንድ ስንዝር ይስባል፣ ያርፋል።

እጄ ወደ ላስቲኩ ሄደ።

አባቴ በሩን ያዘ። እንቢ አለ። በትከሻው ገጨው። አልተነቃነቀም። በሌላው በር ዞረ፤ እሱም ያው ነው።

«እጅሽን ሳቢ፣ ልጄ።»

«አልቻልኩም።»

ትንሿ ጣቴ ከላስቲኩ ከንፈር ሥር ገብታለች። ከዚያ ቀጥሎ ያለችው ገባች።

አባቴ መስታወቱን አየ። እኔን አየ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አለኝና መዶሻውን አነሳ።

ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ላስቲኩ ላላ፤ ሲባጎውም መዳፌ ላይ ረገበ። አባቴ ብብቴን ይዞ በመስታወቱ ክፍተት በኩል ጎትቶ አወጣኝ። ጣቶቼ ተልጠዋል፤ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

አባቴ ላስቲኩን ከቆርቆሮው ላይ ገፎ መሬት ላይ ዘረጋው። ስንጥቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ በምላጭ ጫፍ እየከፈተ አየ። ባዶ ነው።

ከዚያ ሲባጎውን በክንዱ ይለካ ጀመር። ሃያ ሦስት ላይ ሲደርስ ተወው። ከወንበሩ ሥር ገና ብዙ ይቀራል።

«አባዬ...»

«ዝም በይ።»

ወለሉን ነበር የሚያየው። የተዘረጋው ላስቲክ ከንፈር ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ይገለበጣል... ማንም ሳይነካው፣ ከሥሩ ሲባጎ የሚስቡለት ይመስል። ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ አረፈ። ከዚያ ቀጠለ።

አባቴ ስልኩን አውጥቶ ለባለቤትየው ደወለና «መስታወትዎን ሰብሬዋለሁ» አላቸው።